የታመመ ጥድ ይዤ ቦሌ የሄድኩበት ሳምንት

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ውሃ ስቀዳም፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ስጠብቅም ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «እንዴት ነበር?» ይለኛል። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ቃል ይጠፋብኛል። «ደህና ነበር» ብዬ አልፋለሁ። የደን ማኅበራችን ሊቀ መንበር አቶ ይመር ይህን አይተው አንድ ደብተር ሰጡኝና «በአፍሽ ካልወጣልሽ በእጅሽ አውጪው፤ ስንሰበሰብ ለሰው እናነበዋለን» አሉኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የጎደለውን አንባቢው ይሙላልኝ።

የሄድኩበትን ምክንያት እናንተ ታውቁታላችሁ። ደብተሩ ሌላ ቀበሌ ቢደርስ ብዬ ግን እጽፈዋለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው የጥድ ደናችን ከአምና ጀምሮ ከጫፉ እየደረቀ ነበር። ሽማግሎች ከሥሩ ተቀምጠው የሚያስታርቁበት፣ «ዳኛው» የምንለው ትልቁ ጥድ እንኳ አናቱ ገለባ መስሎ ነበር። የግብርና ሠራተኛው መጥቶ አየና «በሽታ ሳይሆን አይቀርም። የሚተላለፍ ከሆነ ቆርጦ ማቃጠል ነው፤ በቦታው ባሕር ዛፍ እንተክላለን» አለ። ቀበሌው ለመወሰን እሁድ ስብሰባ ጠራ። እኛ ግን ነገሩ አልገባንም። ያን ደን እንደ ልጅ ነበር የያዝነው። አፈር አስታቅፈነዋል፣ ፍግ አልብሰነዋል፣ ዙሪያውን በድንጋይ ክበን አሳምረነዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎለት ለምን ይታመማል?

ከስብሰባው በፊት ባለው ሳምንት አዲስ አበባ ቦሌ ላይ ስለ ደን ጤናና አያያዝ ሥልጠና እንዳለ ተነገረንና አቶ ይመር ተመረጡ። ሊሄዱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ወገባቸው ያዛቸው። ከማኅበሩ መጻፍ የምትችል፣ ጥላ ብትሄድም የሚያለቅስባት ልጅ የሌላት፣ ችግኝ ጣቢያ የምትሠራ እኔ እናኑ ብቻ ነበርኩ። አቶ ይመር ከዳኛው ላይ አንድ የደረቀ ቅርንጫፍ አስቆርጠው በማዳበሪያ ከረጢት ሰጡኝ። «አሳዪና መድኃኒቱን ጠይቂ። ካልጠየቅሽ ደኑ እሁድ አለቀለት» አሉኝ።

ሰኞ

በዋዜማው ደሴ ወርጄ አክስቴ ቤት አድሬ ነበርና ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደረስኩ። የአውቶቡሱ ረዳት ከረጢቱን ከእጄ ሊቀበለኝ ሲል አልሰጥም አልኩት።

«ምንድነው እሱ?»

«ጥድ ነው።»

«አዲስ አበባ ማገዶ ጠፋ አሉሽ?»

«ታሞ ነው» አልኩት።

«እንግዲያው ከላይ አይጫንም፤ ብርድ ይመታዋል» አለና ተሳፋሪውን አሳቀብኝ። ግን ደግሞ ከሾፌሩ ኋላ እግር የሚዘረጋበት ወንበር ፈልጎ አስቀመጠኝ። ከረጢቱን በጉልበቶቼ መካከል ይዤ ሄድኩ።

ከሚሴ ላይ ሙቀቱ ነጠላዬን አስወለቀኝ። ሸዋ ሮቢት ለምሳ ስንወርድ ምግብ ቤት ለብቻ መግባት ስላፈርኩ አውቶቡሱን ተደግፌ ዳቦዬን ቆረስኩ። ደብረ ሲና ዳገቱን ወጥተን በዋሻው ካለፍን በኋላ ደግሞ ያወለቅኩትን ነጠላ ሁለት እጥፍ አድርጌ ተከናነብኩ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው። አገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ የተሰለፈ ተማሪ ይመስላል። የእኛም ጋራ ከእሁድ በኋላ እንዲህ ይሆን ይሆን እያልኩ አዲስ አበባ ደረስኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ላምበረት መናኸሪያ ስወርድ የአቶ ይመር የአጎት ልጅ ባል፣ ጋሽ ሰይድ፣ ሊቀበሉኝ መጥተው ነበር። ታክሲ ነጂ ናቸው። ሰው መካከል ቆመው «ጫካ ተሸክማ የመጣች ሴት!» እያሉ ሲጣሩ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እንደምን ዋሉ፣ አንቱ ነዎት ጋሽ ሰይድ?» አልኳቸው።

ቤት እስክንደርስ ስቀው አላባሩም። «‹አንቱ› ከወሎ ከወጣሁ ወዲህ ያልሰማሁት ቃል ነው። እዚህ ሕፃኑም ሽማግሌውም ‹ወራጅ አለ› ከማለት በቀር አያናግረኝም።»

መገናኛ ላይ መኪናው አልንቀሳቀስ ብሎ ቆምን። እኛ አገር በዚያ ጊዜ ውስጥ ገበያ ደርሶ መመለስ ይቻላል። የሰው ብዛት ያው እንደ ጥምቀት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የሚዘምር የለም።

ቤታቸው ቦሌ ሚካኤል ነው። ከአንድ ብረታ ብረት ቤትና ከአንድ ልብስ ሰፊ ኋላ፣ ሁለት ክፍል። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ። ገና ሳልገባ አቅፈው ሲስሙኝ የኮረሪማ ሽታቸው አብሮ አቀፈኝ። እራት ቀርቦ ክዳኑ ሲነሣ ዶሮ ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እነሱ እስላም። እምቢ ማለት አፈርኩ፣ መብላትም አልችልም።

«ጾም ነው» አልኩ በቀስታ።

ጋሽ ሰይድ እንጀራውን እንደያዙ ቀና አሉ። «ሰኞ? አዲስ ጾም አወጣችሁ እንዴ?»

እትዬ ዘሃራ እጄን ያዙኝ። «ብይ፣ የኔ ልጅ። ዶሮውን የባረከው ጎረቤታችን ነው፣ ክርስቲያን። ድስቱም ቢላዋውም የሚስቱ ነው። እኔ ጥሬውን ሰጥቼ ብስሉን ተቀበልኩ እንጂ እጄን አላስገባሁም። የኛው ለብቻ ተሠርቷል፣ ያውልሽ። ወሎ የተወለድኩ ሰው ይህን አላውቅም ብለሽ ነው?»

እኛም አገር ሠርግ ሲሆን ዳሱ ሁለት፣ ድስቱም ሁለት ነው። አዲስ አበባ ይህ የቀረ መስሎኝ ነበር። አጥንቱን ሳይቀር ጋጥኩት።

ማክሰኞ

ሥልጠናው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ መስታወት በመስታወት በሆነ ፎቅ አምስተኛው ላይ ነው። በር ላይ ያለው ጥበቃ ከረጢቴን ከፍቶ አየና «ምንድነው?» አለኝ። «የታመመ እንጨት ነው» ስለው «ሆስፒታሉ በዚያ ማዶ ነው» አለኝ፤ ፊቱ ላይ ሳቅ የለም። በኋላ ግን ራሱ ደረጃውን አሳየኝ። አሳንሰሩን ፈርቼ አምስቱንም ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። የኛን ዳገት ለሚያውቅ ሰው ይሄ ምንም አይደለም።

አሠልጣኛችን ጋሽ መኮንን ዕድሜያቸውን በደን ሥራ የጨረሱ፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የጠየቁን ነገር «ደናችሁ ውስጥ ስንት ልጆች አሉ?» የሚል ነበር። የከብት እረኞች መስሎን ተያየን። እሳቸው ግን የሚሉት የዛፍ ልጆች ነው። ሽማግሌ ዛፍ ብቻ ኖሮት የጣት ቁመት ያለው ችግኝ ከሥሩ የማይታይበት ደን፣ ልጅ እንደሌለው ቤት፣ ሽማግሌዎቹ ሲሞቱ ይዘጋል አሉ። የኛን ደን ሳስበው ችግኝ አይቼበት አላውቅም፤ ፍየሉ ይበላዋል። ይህን ጻፍኩ።

አጠገቤ የተቀመጠው ቶሎሳ የሚባል ቀልደኛ ሰው ነው። በቦሌ መንገድ አካፋይ ላይ የተተከሉትን ዛፎች የሚንከባከብ እሱ ነው። «ጥያቄ ያለው» በተባለ ቁጥር ከረጢቴን በእግሩ ይገፋልኛል። እኔ እጄን ወደ ላይ አነሣለሁ ብዬ ነጠላዬን አስተካክላለሁ። ከረጢቱ ሳይከፈት ዋለ፣ ሳይከፈት ተመለሰ።

ረቡዕ

በዚህ ቀን የተማርነው ስለ መቁረጥ ነው። እኔ ደን መጠበቅ ማለት ምንም አለመንካት ይመስለኝ ነበር። ጋሽ መኮንን ግን የተጨናነቀውን ማሳሳት፣ የሞተውንም ሁሉን ጠርጎ ከመውሰድ ጥቂቱን ለአፈሩና ለወፉ መተው እንደሚያስፈልግ ነገሩን። መጨረሻ ላይ «ነገ የካ ተራራ እንወጣለን። ናሙና ያለው ይዞ ይምጣ፣ በፀሐይ ብርሃን እናየዋለን» አሉ። ደስ አለኝ። ሜዳ ላይ ከሆነ ሰው ሳይሰማ ጠጋ ብዬ አሳያቸዋለሁ አልኩ።

ምሳ ሰዓት ቶሎሳ በያይነቱ ወደሚበላበት ቤት ወሰደኝ። መንገድ ላይ አንድ ዛፍ አሳየኝ፤ ንጣፉ ሲሠራ ሲሚንቶው ግንዱ ድረስ ተጠግቶ ውጦታል።

«ይሄ እየታነቀ ነው» አለ።

«ዛፍ ይታነቃል?»

«አንገቱን ከያዝሽው ማን የማይታነቅ አለ?»

ቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ። የአገሬ ዛፍ ሰፊ ቦታ ስላለው እንዲህ ያለ ችግር የለብንም ብዬም አሰብኩ። ያን ሐሳቤን ዛሬ ሳስታውሰው ጆሮዬ ይሞቃል።

ሐሙስ

ጠዋት ስነቃ ቤቱን የማውቀው ሽታ ሞልቶታል። በእንቅልፍ ልቤ አገሬ ያለሁ መሰለኝ። ተነሥቼ ስወጣ እትዬ ዘሃራ ደጅ ላይ ዳቦ ጋግረው እያወጡ ነው። ከምድጃው አጠገብ ከረጢቴ ባዶውን ተጣጥፎ ተቀምጧል።

«ሽታው! ወላሂ እናቴ ቤት ያለሁ ነው የመሰለኝ» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ይመር ድሮም ለዓረፋ ጥድ ይልክልኝ ነበር፣ መቼ ነው የምትሰጠኝ እያልኩ ሦስት ቀን ጠበቅኩ። አፍራ ነው አልኩና ራሴ ወሰድኩት። ለኔ ነው አይደል?»

አመዱን አየሁ። ጥቁር የሆነች የጣት ያህል ጉማጅ ብቻ ቀርታለች። የእሳቸውን ፊት ደግሞ አየሁ።

«አዎ እትዬ፣ ላንቱ ነው» አልኩ።

ዳቦውን ሰጡኝ። በላሁት። እንዲህ የጣፈጠ ዳቦ በልቼ አላውቅም፤ ግን አልወርድ አለኝ።

ከሠልጣኞቹ ጋር ከመገናኛ በኮተቤ በኩል አድርገን የካ ላይ ወጣን። ከላይ ሲያዩት ምሥራቁ ሁሉ ቤት ነው፤ ቆርቆሮና ፎቅ እስከ ዓይን ጥግ። ባሕር ዛፉ መካከል ጥቂት ጥዶች አሉ። ጋሽ መኮንን አንዱ ሥር አቆሙን። ከላይ መንገድ ሲወጣ የተገፋ አፈር ቁልቁል ወርዶ ከግንዱ ሥር ተከምሯል፤ አናቱ ልክ እንደ ዳኛው ደርቋል።

«ምን ነካው?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ትል አለ፣ አንዱ ድርቅ አለ፣ አንዱ መብረቅ።

«ናሙና ያመጣ ሰው አለ?»

ሁለት ቀን ከረጢት ስጎትት ያየኝ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ተቃጠለ» አልኩ።

«ምን አቃጠለው?»

«ዳቦ ጋገርንበት።»

ሳቁ ተራራውን ሞላው። ቶሎሳ ጉልበቱን ይዞ ተቀመጠ። ጋሽ መኮንን ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቀው «ቅርንጫፍ ብዙም አይናገርም። አፍሽ አልተቃጠለም፤ አንቺው ንገሪን» አሉኝ።

ሰው ማየት ስላልቻልኩ ጥዱን እያየሁ ነገርኩት። ከጫፍ እንደሚደርቅ፣ እሁድ ሊቆረጥ እንደሆነ ተናገርኩ። እኛ ግን ክፉ አልሠራንበትም አልኩ። ሁለት ክረምት ሙሉ አፈር ተሸክመን እስከ ጉልበት አስታቅፈነዋል፣ ፍግ ጨምረንበታል፣ እንዳይናድ በድንጋይ ክበነዋል።

የምለውን ሲጽፉ የነበሩት ጋሽ መኮንን አቆሙ። «አፈር እስከ ጉልበት? ሁሉንም ዛፍ?»

«ትልልቆቹን። የምንወዳቸውን።»

«ማን ነው እንዲህ አድርጉ ያላችሁ?»

አንድ ሰው ነው ልል ነበር። የዚያን ጊዜ ሁሉም ያመሰገነኝ ነገር ነው፤ ድንች አፈር ታቅፎ እንደሚያፈራ ጥዱም ይጠነክራል ብዬ ለሴቶቹ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ውሸት ደግሞ ጠዋት ተናግሬ ነበር፤ ገና ከጉሮሮዬ አልወረደም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ምንም አልተቆጡም። ተንበርክከው የተከመረውን አፈር በእጃቸው ይጠርጉ ጀመር። ቶሎሳም ሳቁን ትቶ አጠገባቸው ተንበረከከ። ጥቂት እንደወረዱ የግንዱ ቅርፊት ረጥቦ፣ እንደ ተነከረ ቆዳ ላልቶ ታየ።

«ዛፍ አንገት አለው» አሉ ጋሽ መኮንን። «ግንዱ ወደ ሥር ሰፋ የሚልበት፣ ይኸው። በቆሎን ስታስታቅፊው ከአንገቱ አዲስ ሥር ያወጣል። ጥድ አያወጣም፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ቅርፊቱ ይበሰብሳል። የራቀው ጫፉ መጀመሪያ ይጠማል።»

«ይተላለፋል?» አልኩ። ለዚህች ጥያቄ ነበር የተላክሁት።

«ይሄ አካፋ ከሚይዝ ሰው በቀር የሚያስተላልፈው የለም» አሉ። «ያንቺን ዛፍ ሳላይ ግን አልምልልሽም። አፈሩን እስከ አንገቱ አንሺው። ቅርፊቱን በጥፍርሽ ፋቅ አድርጊ። ውስጡ ርጥብና አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሞቷል። ዙሪያውን አይተሽ ግማሽ ያህሉ ካለ ደግሞ ተይው፤ ይታገላል።»

እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። ቶሎሳ ውሃውን አቀበለኝና «እኔ በሥራዬ መጀመሪያ ችግኝ በየቀኑ እያጠጣሁ ገድያለሁ። በፍቅር የገደለ አንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ» አለኝ።

ማታ እራት ላይ አፌ ስለተከፈተ ነው መሰለኝ ለእትዬ ዘሃራ እውነቱን ነገርኳቸው። «እትዬ፣ ያ ጥድ ላንቱ አልነበረም። ለምርመራ ነበር።»

ደረታቸውን መቱ። «ታዲያ ለምን ላንቱ ነው አልሽኝ?»

«አፍሬ።»

«የኔ ልጅ» አሉ፣ «ያንቺ ዕፍረት እኮ አንድ ጫካ ሊያስቆርጥ ነበር።» ጋሽ ሰይድ ደግሞ «እኔም እኮ በልቻለሁ፤ የታመመ ጥድ ሆድ ያማል እንዴ?» ብለው ሁላችንንም አሳቁን።

ዓርብ

ጋሽ መኮንን ለቀበሌው ደብዳቤ ጻፉልኝ። አፈሩ ተነሥቶ ክረምቱ እስኪያልፍ አንድም ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ ከዚያ በኋላ መጥተው እንደሚያዩ ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩትና ደብተሬ ውስጥ አስገባሁት።

ከሰዓት በኋላ ሾላ ገበያ እትዬ ዘሃራ ዘንድ ዋልኩ። የኛ የቅዳሜ ገበያ እዚያ መካከል ቢቀመጥ ተፈልጎ አይገኝም። ያም ሆኖ ሚዛን ሲያነሡ ገዢዋ «ጨምሪ እንጂ» ስትል፣ እሳቸውም ቆንጥረው ሲጨምሩ፣ ጸቡም ሳቁም ያው የኛው ነው። ለእናቴ በርበሬ፣ ለአቶ ይመር ወገብ ጥቁር አዝሙድ ቋጠሩልኝ። በባዶው ከረጢቴ ሞሉልኝ።

ቅዳሜ

ስለ መመለሻው የምጽፈው ብዙ የለም። ጋሽ ሰይድ ላምበረት አደረሱኝ። ያው ረዳት ነበር፤ «በሽተኛው ዳነ?» አለኝ። «ነገ ይታያል» አልኩት። በዚህ ጊዜ ሸዋ ሮቢት ላይ ምግብ ቤት ገብቼ ሽሮ አዘዝኩ። ለብቻዬ።

እሁድ

ስብሰባውን አይታችኋል፤ ያላያችሁት ሌሊቱን አለመተኛቴን ብቻ ነው። ደብዳቤው ሲነበብ ሰው ሁሉ እፎይ አለ። ደብዳቤው ግን አፈሩን ማን እንደጫነ አይናገርም። ተነሥቼ ሐሳቡ የኔ እንደነበር፣ ዛፎቹን ያነቅኋቸው እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። ድምፄ እስከ ኋላ መድረሱን አላውቅም። ከሴቶቹ መካከል እማማ ጦይባ «አፈሩን ለብቻሽ ተሸከምሽው? ጀርባዬ እስካሁን ያመኛል እኮ» አሉ። የግብርና ሠራተኛው ደብዳቤውን ደጋግሞ አየና «ክረምቱን እንጠብቅ» አለ።

አቶ ይመር ወገባቸውን ይዘው ተነሡ። «ያለበስሽው አንቺ ነሽ፣ እናኑ። በይ መጀመሪያ አንቺ አውልቂለት» አሉና ዶማ ሰጡኝ።

ዳኛውን ለመግለጥ እስከ ማታ ፈጀብን። ድንጋዩን አነሣን፣ ፍጉን ጠረግን፣ አንገቱ ጋ ስንደርስ ዶማውን ጥለን በእጃችን ቆፈርን። ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያየኛል። በምዕራብ በኩል ያለውን ቅርፊት በጥፍሬ ፈቀፈቅኩት፤ ቡናማ ነው፣ እንደ ትንባሆ ይፈረፈራል። ወደ ሰሜን ዞርኩ። ጥፍሬ ገባ፣ ውሃ ነካኝ። አረንጓዴ ነው። በምሥራቅም አረንጓዴ፣ በደቡብም አረንጓዴ። እማማ ጦይባ እልልታውን ከእኔ ቀድመው አቀለጡት፤ እኔ ጣቴን እያሸተትኩ ነበር።

ሁሉም ግን አልተረፈም። በዚያ ሳምንት ከገለጥናቸው ሁለቱ ዙሪያቸውን ደርቀው አገኘናቸው። አንዱን እንደተማርኩት ለወፉና ለአፈሩ ቆሞ ይቅር አልን። ሌላውን ቆረጥነው። ከእሱ ሸክም ሙሉ ፈልጬ አሰርኩና ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ፣ በዚያው ረዳት እጅ፣ ለእትዬ ዘሃራ ላክሁ። ከላዩ ላይ ወረቀት አስሬበታለሁ፤ «እትዬ፣ ይሄኛው በእውነት ላንቱ ነው፤ ዳቦ ይጋገርበት» ይላል።